ከካርሎቪ ቫሪ ጀርባ ያለችውን ያኺሞቭን ያያችሁ አላችሁ?

የቭልታቫ ዳር (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ቼክ ሪፐብሊክ የምትኖሩም፣ ለጉብኝት ብቅ የምትሉም፣ አንድ ነገር ላንሳ። ፕራግን ሁላችንም እናውቃታለን። ካርሎቪ ቫሪም ሄደን ፍል ውሃውን እየቀመስን ፎቶ እንነሳለን። ከዚያ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጀርመን ድንበር ሽቅብ ስትሄዱ ግን ያኺሞቭ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዛሬ ነዋሪዋ ሦስት ሺህ አይሞላም። የእኛ ሰው አይሄድባትም። እኔ ደግሞ ከቼክ ከተሞች ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እሷን ነው የምመርጠው።

ታሪኩን ባጭሩ ላውጋችሁ። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

በ1516 ክሩሽኔ ሆሪ በሚባሉት ተራሮች መካከል፣ ጠባብ ገደላማ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ብር ተገኘ። ቦታው የሽሊክ ቤተሰብ መኳንንት ግዛት ነበር። ወሬው በጀርመን አገር ሲሰማ ቆፋሪው፣ ነጋዴው፣ አንጥረኛው፣ ዕድል ፈላጊው ሁሉ ነቅሎ መጣ። ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ ምንም ያልነበረበት ጫካ 18 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርበት ከተማ ሆነ። በቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ ምዕራባዊ ክፍል) ከፕራግ ቀጥላ ትልቋ ከተማ ሆና ነበር ማለት ነው።

ከተማዋን በእመቤታችን አባት በቅዱስ ኢያቄም ስም ሰየሟት። ከድንበሩ ማዶ በሐና ስም የተሰየመች የማዕድን ከተማ ቀድማ ተቆርቁራ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በማርያም ስም ሌላ ተቆረቆረች። ኢያቄም ወሐናን እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ ደስ ይላል።

በ1520 ሽሊኮች ከዚያው ብር ትልልቅ ሳንቲም መምታት ጀመሩ። አንዱ ወደ 29 ግራም ይመዝናል። በአንድ ገጹ ቅዱስ ኢያቄም ከሽሊኮች ጋሻ ጋር ቆሟል። በሌላው ገጽ የቦሄሚያ አንበሳ አለ፣ ዙሪያውን የንጉሥ ሉድቪክ ስም ተጽፎበታል። ሰው ከከተማዋ ስም ቆርጦ «ታለር» አለው። ታለር በአውሮፓ ተዛመተ፣ ከእሱም ነው «ዶላር» የመጣው። እኛ ጠገራ ብር የምንላት ማርያ ትሬዛም ታለር ናት። ሥሯ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ነው።

አሁን ደግሞ ስትሄዱ ምን እንደምታዩ ልንገራችሁ። ከተማዋ አንድ ረጅም ዳገት ናት። ከታች የፍል ውሃ ሕክምናው ሆቴሎች አሉ። ከላይ አሮጌው ከተማ ይገኛል። አደባባዩ ላይ የንጉሡ ሳንቲም ቤት አለ፣ በ1530ዎቹ የተሠራ ነው፣ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ከፍ ብሎ የቅዱስ ኢያቄም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ከ1534 እስከ 1540 የተሠራ ሲሆን ለሉተራውያን ተብለው ከተሠሩት የዓለም የመጀመሪያዎቹ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው። በ1873 ግን ከተማዋን ትልቅ እሳት በላት፣ ቤተ ክርስቲያኑም አብሮ ተቃጠለ። የምታዩት ከዚያ በኋላ የታደሰውን ነው። ከሽሊኮች ግንብ የቀሩት ሁለት ማማዎች ናቸው። ግንቡን በ1634 በሠላሳው ዓመት ጦርነት ስዊድኖች አቃጥለውታል።

እስቲ የሄደ፣ ያነበበ፣ የሰማ ይጨምርበት።


ጠገራ ሰብሳቢ

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የልቤን ነው ያነሳኸው። ስለ ጠገራዋ ትንሽ ልጨምር። ነገሩ እንዳይምታታ ብዬ ነው።

እኛ ጋ የመጣችው ማርያ ትሬዛ ከያኺሞቭ ብር የተሠራች አይደለችም። ያኺሞቭ ብሯ የተመናመነው ማርያ ትሬዛ፣ የኦስትሪያዋ እቴጌ፣ ከመወለዷ ብዙ ዓመት በፊት ነው። ከያኺሞቭ የመጣው ስሙና መልኩ ነው። ትልቅ፣ ከባድ፣ ንጹሕ የብር ሳንቲም የማድረግ ልማዱ ማለቴ ነው። ጠገራዋ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች፣ ከዚያ ውስጥ 23.4 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው። ከ1520ው ታለር ጋር አንድ ግራም ያህል ብቻ ነው የምትለያየው። ከ260 ዓመት በኋላ ማለት ነው! ይሄ ሁሌም ይገርመኛል።

ላይዋ ላይ ያለው 1780 እቴጌዋ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመቱት ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዘው ነው የወጡት። ቪየና ብቻ አይደለም የመታት። ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራሰልስ፣ ቦምቤይ ሁሉ መትተዋታል። እንግሊዞች ለመቅደላ ዘመቻ ሲነሡ እንኳ ያገራችን ሰው ሌላ ገንዘብ እንደማይቀበል ስላወቁ ከኦስትሪያ አስመትተው ይዘው ነው የመጡት። ዐፄ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ፓሪስ ሲያስመቱም ክብደቱን በጠገራዋ ልክ ነው ያደረጉት። እንዲያም ሆኖ ገበሬውና ነጋዴው ጠገራዋን ማመኑን አልተወም። በ1945 አዲሱ የወረቀት ብር እስኪወጣ ድረስ ገበያዋ አልቀዘቀዘም።

ሌላው ደግሞ፣ የሴት አያቶቻችን የአንገት መስቀል፣ ድሪና አምባር ብዙው ጠገራ ቀልጦ የተሠራ ነው። አንጥረኛው ጋ ጠገራ ይዘህ ትሄዳለህ፣ አቅልጦ መስቀል ያደርግልሃል። እናንተ ቤት አሮጌ የብር መስቀል ካለ ሳትሸጡት ደግማችሁ አስቡበት።

ጥያቄ አለኝ። ሙዚየሙ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ታለሮች አሉ?


ሰሜነኛው

ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ግን ኩትና ሆራ ተረሳች! የቼክ የብር ከተማ ከተባለ እሷ ናት። በ1300 ንጉሥ ቫትስላቭ ዳግማዊ የፕራግ ግሮሽ የሚባለውን የብር ሳንቲም እዚያ ማስመታት ጀመረ፣ ከያኺሞቭ 220 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። በ1388 የተጀመረው የቅድስት ባርባራ ካቴድራልም አለ። ባርባራ የማዕድን ቆፋሪዎች ጠባቂ ናት። ውስጡ ግድግዳው ላይ ቆፋሪዎችና ሳንቲም መቺዎች ተስለዋል። ነጭ ቀሚስ የለበሰ የቆፋሪ ሐውልትም አለ። በሰው አጥንት ያጌጠው የሴድሌትስ ጸሎት ቤትም እዚያው ነው። ከፕራግ በባቡር አንድ ሰዓት ነው። ለውበት ከሆነ ኩትና ሆራን አትለፏት።


የቭልታቫ ዳር

ሰሜነኛው፣ በውበቱ አልከራከርህም። ቅድስት ባርባራን የመሰለ ሕንፃ ያኺሞቭ የላትም። ግሮሹም ቀዳሚ ነው፣ ግን ትንሽ ሳንቲም ነው። ትልቅ ገንዘብ በብር መክፈል ያስቻለው ታለሩ ነው። እኔ ያኺሞቭን የምወዳት ለውበቷ አይደለም። አንዲት ትንሽ ሸለቆ ለዓለም ይህን ያህል ነገር ሰጥታ እንዴት እንዲህ ዝም እንዳለች ሲገባኝ ነው።

ጠገራ ሰብሳቢ፣ አዎ፣ ሳንቲም ቤቱ ውስጥ ስለ ሳንቲም አመታቱ ራሱን የቻለ ክፍል አለ። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ። ታለሩ ላይ ጋሻው ያለው እስቴፋን ሽሊክና ስሙ የተጻፈው ንጉሥ ሉድቪክ ሁለቱም በ1526 ሞሃች ላይ ከቱርክ ጋር በተደረገው ጦርነት ነው የሞቱት። የሳንቲሙ ሁለት ገጽ ባለቤቶች በአንድ ቀን! ሁለት ዓመት ቆይቶ አዲሱ ንጉሥ ፈርዲናንድ ሳንቲም የመምታቱን መብት ከሽሊኮች ነጥቆ ለዘውዱ አደረገው። ከሞሃች ጦርነት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ፣ በ1525፣ ቆፋሪዎቹ ራሳቸው አምፀው ነበር። ብሩን ከመሬት ያወጡት እነሱ፣ ባለጸጋ የሆነው ሌላ ሰው።


ድንጋይ ወዳድ

ጂኦሎጂ ነው የተማርኩት፤ ያኺሞቭ ስትነሳ ዝም ማለት አልችልም።

የዚያ ተራራ የማዕድን ጅማት ብር ብቻ አይደለም የያዘው። ብር፣ ኮባልት፣ ኒኬል፣ ቢስሙትና ዩራኒየም አብረው ነው የሚገኙት። የጥንቶቹ ቆፋሪዎች ብሩን እየተከተሉ ሲወርዱ አንድ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከመጠን በላይ የከበደ ድንጋይ ያጋጥማቸዋል። እሱ ብቅ ካለ ብሩ አለቀ ማለት ነው። የመጥፎ ዕድል ድንጋይ ብለው ጉድጓዱ አፍ ላይ ይጥሉታል። ፒችብሌንድ የሚባለው እሱ ነው፣ የዩራኒየም ማዕድን።

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ለዚህ ድንጋይ ሥራ ተገኘለት። ከእሱ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም እያወጡ የቦሄሚያ መስታወት ያቀልሙበት ጀመር፣ ፋብሪካውም እዚያው ያኺሞቭ ነበር። ዩራኒየሙ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ቡናማ ዝቃጭ ጫካ ውስጥ ይደፉታል።

ማሪ ኪዩሪና ፒየር ኪዩሪ የፈለጉት ያንን የተደፋ ዝቃጭ ነበር። ማሪ የለካችው ነገር እንቅልፍ ነሥቷታል። ድንጋዩ ውስጥ ያለው ዩራኒየም ብቻ ቢሆን ጨረሩ ያን ያህል መሆን አልነበረበትም። ስለዚህ ሌላ ያልታወቀ ነገር አለ አለች። በ1898 ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ። ግን በእጅ የሚያዝ ራዲየም ለማሳየት ብዙ ድንጋይ ያስፈልጋል። ያኔ ቦሄሚያን ይገዛ የነበረው የኦስትሪያ መንግሥት ከያኺሞቭ ዝቃጩን በቶን ላከላቸው። ማሪ ፓሪስ ውስጥ ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ከራሷ ቁመት የማይተናነስ የብረት ዘንግ ይዛ የሚፈላውን ስታማስል ከረመች። በ1902 ያገኘችው አንድ አሥረኛ ግራም የራዲየም ጨው ነበር። ከቶኖች ውስጥ አንድ አሥረኛ ግራም! ከዚያ በ1903ም በ1911ም የኖቤል ሽልማት ተሸለመች። በ1925 ራሷ መጥታ ያኺሞቭን ጎብኝታለች።

አንድ ስም ልጨምር፣ ጌኦርግ አግሪኮላ። ከ1527 ጀምሮ ጥቂት ዓመታት የዚያች ከተማ ሐኪም ነበር። በሽተኞቹን እያከመ ቆፋሪዎቹን ይጠይቃል፣ ጉድጓዱን ያያል፣ ማቅለጫውን ያያል፣ ይጽፋል። በ1556፣ በሞተ በዓመቱ፣ ስለ ማዕድን ሥራ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ታተመ። ሁለት መቶ ዓመት ያህል የሙያው መመሪያ ሆኖ ኖሯል። ጂኦሎጂ የተማረ ሁሉ የእሱ ልጅ ነው።


ነርሷ ከሽቱትጋርት

ድንጋይ ወዳድ፣ አግሪኮላን ስላነሳህልን አመሰግናለሁ። እኔ ልቤን የሚነካው እሱ ስለ ሳንባ የጻፈው ነው። አቧራው የቆፋሪውን ሳንባ እንደሚበላ ጽፏል። በካርፓቲያን ተራሮች ማዕድን ቦታዎች ሰባት ባል አግብታ ሰባቱንም የቀበረች ሴት እንዳለች ይናገራል። በክሩሽኔ ሆሪ ሁለቱም ወገን፣ በጀርመኑም በቼኩም፣ ቆፋሪ በጎልማሳነቱ መሞቱ የተለመደ ነበር። «የተራራ በሽታ» ይሉታል። የሳንባ ካንሰር መሆኑ የታወቀው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ምክንያቱ ከዩራኒየም የሚወጣው ሬዶን የሚባል ጋዝ መሆኑ ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው የታወቀው። ዛሬ ከሲጋራ ቀጥሎ ለሳንባ ካንሰር ዋነኛው ምክንያት ሬዶን እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል።

ታዲያ አንድ ነገር ግራ ይገባኛል። ያው ሬዶን ያለበት ውሃ ውስጥ ሰው እየነከሩ ያክማሉ የሚባለው እውነት ነው? እዚህ ጀርመን የማክማቸው አዛውንቶች በየዓመቱ ወደዚያ ይሄዳሉ።


የቭልታቫ ዳር

እህቴ፣ እውነት ነው። ከተማዋን ዛሬ ያቆያት እሱ ነው። ማዕድን ቆፋሪዎች ውሃው የመገጣጠሚያ ሕመማቸውን እንደሚያስታግስላቸው ያወሩ ነበር። በ1906 የመጀመሪያዎቹ በሽተኞች መታጠብ ጀመሩ፣ ያኔ ውሃው ከጉድጓዱ ተሸክሞ ነበር የሚመጣው። በ1912 ራዲየም ፓላስ የተባለው ትልቅ ነጭ ሆቴል ተከፈተ። አሁንም ቆሟል፣ ከታች ስትገቡ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ውሃው የሚመጣው ከስቮርኖስት ጉድጓድ ነው፣ 500 ሜትር ያህል ከመሬት በታች። ጉድጓዱ በ1518 የተከፈተ ሲሆን በአውሮፓ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ካሉት እጅግ አሮጌዎቹ አንዱ ነው። ብርም ዩራኒየምም አይወጣበትም። ቆፋሪዎቹ የሚወርዱት ቧንቧውንና ውሃውን ለመጠበቅ ነው። ዋናው ምንጭ 36 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ስሙ ቤሆውኔክ ነው፣ በፊዚክስ ሊቁ በፍራንቲሼክ ቤሆውኔክ የተሰየመ። ሰውየው ማሪ ኪዩሪ ዘንድ የሠራ ነው። በ1928 ከሰሜን ዋልታ ስትመለስ በረዶ ላይ በወደቀችው «ኢታሊያ» የተባለች የአየር መርከብ ውስጥም ነበር፣ ከበረዶው ላይ በሕይወት ተርፎ ተመለሰ።

በሽተኛው ገንዳ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀስ ይተኛል። ሐኪም ሳያዝ አይገባም። አንቺ ሙያሽ ስለሆነ የበለጠ ታውቂዋለሽ።


ነርሷ ከሽቱትጋርት

ገባኝ። የሬዶን ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ) ወደ 4 ቀን ስለሆነ ውሃውን ጠርሙስ ውስጥ አሽገው መሸጥ አይችሉም፣ በቦታው መጠቀም ግድ ነው። ጀርመንና ኦስትሪያም እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉ። በመገጣጠሚያና በጀርባ አጥንት ሕመም የሚሠቃዩ ሰዎች ሕመማቸው ለወራት ቀለል እንደሚላቸው ይነግሩኛል። ጥቂት መጠንም ቢሆን ጨረር ጨረር ነው የሚሉ ሐኪሞችም አሉ። የእኔ ምክር አንድ ነው፤ ለጉብኝት ብቻ የሄደ ሰው እንደ ፍልውሃ ልታጠብ ብሎ አይግባ። በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆነች ፈጽሞ አታስበው።


ጋሽ ምሩቅ

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን ሳነብ አመሸሁ። እኔ በቼኮስሎቫኪያ ዘመን በስኮላርሺፕ ከመጡት ተማሪዎች አንዱ ነኝ። ስለ ብሩም ስለ ራዲየሙም ጥሩ አድርጋችሁ ጽፋችኋል። ስለ እስረኞቹ ግን እስካሁን ማንም አላነሳም፣ ያንን ሳትጽፉ ያኺሞቭ አታልቅም።

በእኛ ጊዜ የከተማዋ ስም ሲነሳ ሽማግሌዎች ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የሚያወሩት። ለቼክ ሰው ያኺሞቭ ማለት ታለር አይደለም። ያኺሞቭ ማለት የእስር ካምፕ ነው።

ጦርነቱ እንዳበቃ፣ በኅዳር 1945፣ ቼኮስሎቫኪያ ዩራኒየሟን ለሶቪየት ኅብረት ለመስጠት ተፈራረመች። ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ የአገሩ ሰዎች ደግሞ በ1945 እና በ1946 ተባረሩ። አራት መቶ ዓመት የኖሩበትን ቤት ጥለው ሄዱ። ቆፋሪ ጠፋ። መጀመሪያ የጀርመን የጦር ምርኮኞችን አስገቡ። ከ1949 ጀምሮ ደግሞ የራሳቸውን ዜጎች፣ የፖለቲካ እስረኞችን። ቄሱ፣ ገበሬው፣ መምህሩ፣ በጦርነቱ ጊዜ ከናዚ ጋር የተዋጋው መኮንን፣ ስካውቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ ዩራኒየም ቆፋሪ ሆነ። ስቮርኖስት፣ ሮቭኖስት፣ ብራትርስትቪ የሚባሉ ካምፖች ነበሩ። እነዚህ ስሞች በቼክኛ ስምምነት፣ እኩልነት፣ ወንድማማችነት ማለት ናቸው።

ከአንዳንድ ካምፕ ወደ ጉድጓድ ሲወስዷቸው እስረኞቹን አጠጋግተው ያሰልፏቸውና ዙሪያቸውን በብረት ገመድ ይጠፍሯቸዋል። አንዱ ከተደናቀፈ ሁሉም ይወድቃል። በክረምት፣ በዚያ በረዶ፣ በዚያ ዳገት! እስረኞቹ ራሳቸው «የያኺሞቭ አውቶቡስ» ብለውታል።

ኦስትሮቭ የምትባለው ከተማ አጠገብ ቪክማኖቭ የሚባል ቦታ ባለ ሰባት ፎቅ ቀይ የጡብ ማማ አለ። ማዕድኑን እየፈጩ፣ እየለዩ፣ በርሜል ውስጥ እየሞሉ ወደ ሶቪየት ኅብረት የሚልኩት ከዚያ ነበር። አቧራውን የሚከላከል አልነበረም። ሰዎቹ «የሞት ቀይ ማማ» ይሉታል። ዛሬም ቆሟል። በ2019 የክሩሽኔ ሆሪ የማዕድን አካባቢ በዩኔስኮ ሲመዘገብ ያኺሞቭም ማማውም አብረው ገብተዋል።

ስለ ሆኪ ቡድኑ ሰምታችኋል? ቼኮስሎቫኪያ በ1947ና በ1949 የዓለም ሻምፒዮን ነበረች። በመጋቢት 1950 ተጫዋቾቹ ወደ ለንደን ሊሄዱ ሲሉ ታገዱ፣ ወዲያው ታሰሩ። ሊኮበልሉ አስበዋል ተብለው ነው። በረኛው ቦሁሚል ሞድሪ 15 ዓመት ተፈረደበት። ብዙዎቹ ያኺሞቭ ዩራኒየም ቆፍረዋል። ሞድሪ በ1955 ተለቀቀ። በ1963 ሞተ፣ ገና 46 ዓመቱ ነበር።

ይህን የምጽፈው ላስለቅሳችሁ አይደለም። እኛም ከቤታችን ሰው የተወሰደብን ሕዝብ ነን። እዚያ ስትሄዱ ካምፖቹ የነበሩበትን ቦታ ሳታዩ አትመለሱ።


የቭልታቫ ዳር

ጋሼ፣ እንኳን ጻፉልን። እኔ ሆን ብዬ ነበር ለሌላ ጊዜ ያቆየሁት፣ በሁለት መስመር የሚነገር ነገር አይደለም ብዬ። እርስዎ በተገቢው ክብር ጻፉት።

ለሌሎቻችሁ፣ «የያኺሞቭ ሲኦል» የሚባል የእግር መንገድ አለ። ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ካምፖቹ የነበሩባቸውን ቦታዎች እያዞረ ያሳያል። ሰሌዳዎች ላይ የዚያን ጊዜ ፎቶዎች አሉ። ብዙው ቦታ አሁን ጫካና ሣር ነው፣ የቤቶቹ መሠረት ብቻ እዚህም እዚያም ይታያል። ስቮርኖስት ካምፕን ከጉድጓዱ ጋር የሚያገናኘው ደረጃ አለ፣ እስረኞቹ በናዚው የማውትሃውዘን እስር ካምፕ ስም የጠሩት። ስትወጡት ምክንያቱ ይገባችኋል። ቅዱስ ኢያቄም ቤተ ክርስቲያን አጠገብም «የነፃነት በር» የሚባል መታሰቢያ ቆሟል። የቀሩት እስረኞችና ልጆቻቸው በየዓመቱ በጸደይ እየመጡ አበባ ያኖራሉ።


ሸገር ወ/ሮ

እኔ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በሐምሌ ፕራግ እመጣለሁ። ልጆቼ 9 እና 13 ናቸው። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል? ልጆቹስ አይሰለቻቸውም? ራዲየሙ ያስፈራኛል ደግሞ።


የቭልታቫ ዳር

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ከፕራግ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል፣ ግን ያጣድፋል። ካርሎቪ ቫሪ እደሩና በማግሥቱ ጠዋት ውጡ። ባቡር የለም፣ አውቶቡስ አለ፣ መንገዱ ከአንድ ሰዓት በታች ነው።

መጀመሪያ ሳንቲም ቤቱን እዩ። ከዚያ «ጉድጓድ ቁጥር 1» የሚባለው ለጎብኚ ክፍት የሆነ ዋሻ አለ። የራስ ቁር ያደርጉላችኋል፣ ውስጡ በበጋም ይቀዘቅዛል፣ ሹራብ ያዙላቸው። የ13 ዓመቱ ልጅሽ ይወደዋል። ለትንሹ ደግሞ ክሊኖቬትስ ተራራ አለ፣ 1,244 ሜትር ከፍታ ያለው። ከከተማዋ በላይ በኬብል ወንበር ይወጣል። ከላይ ጀርመንም ቼክም ይታያል። ጋሽ ምሩቅ ያነሱትን ለታላቁ ንገሪው፣ ለትንሹ ግን ይቆይለት።

ስለ ጨረሩ አትጨነቂ። ከተማዋ ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የተከለከለ ቦታ በሰሌዳ ታጥሯል፣ አትግቡበት፣ ከአሮጌ የማዕድን ክምር ላይም ድንጋይ እየለቀማችሁ ወደ ቤት አትውሰዱ። ሌላው ችግር የለውም።

ቀኑን ስታውቂ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ፕራግ ካለሁ አብሬያችሁ እወጣለሁ።


ጠገራ ሰብሳቢ

እኔም እመጣለሁ። ልጆቹ እንዲያዩዋት አንዲት ጠገራ ይዤ።